የሕመም ዕቁባችን

ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤታችን የጽዳቷ ልጅ ቢሮዬ ገብታ «አሞኛል፣ ምች ሳይመታኝ አልቀረም» ስትለኝ፣ ከእሷ ቀድሞ የገባው ሽታዋ ነበር። ዳማከሴ! አዲስ የተቀጠፈ፣ በመዳፍ የታሸ፣ ጆሮ ግንድ ላይ ሳይሰስቱ የተለቀለቀ። አንተ እዚያ ጥግ ተቀምጠህ ፈገግ ስትል አይቼሃለሁ። ልጅቷ ከወጣች በኋላ «እያስመሰለች እኮ ነው» አልከኝ። እሱማ እያስመሰለች ነው! ምች የመታው ሰው ቅንድቡን እንደዚያ ተቀንድቦ አይመጣም። እኔን በዳማከሴ? ግን ፈቀድኩላት። ለምን እንደፈቀድኩላት ልንገርህ፤ ሻይህን ጠጣ፣ ክፍለ ጊዜህ ገና ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ነበር፤ አሁን ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ከሳንጃ በኩል ሰሊጥ የጫኑ ማኪኖች መጥተው ያራግፋሉ፣ እኛ አሥራ ስምንት ሴቶች ደግሞ በወንፊት እንነፋለን፣ በሰፌድ እናንገዋልላለን፣ ጠጠሩን በጣታችን እንለቅማለን። የጣሪያው ቆርቆሮ ብዙ ቦታ ተበስቶ ስለነበር ፀሐዩ በቀጭን በቀጭኑ እየሆነ ይገባል፤ በዚያ ብርሃን ውስጥ አቧራው ሲዞር ታየዋለህ። የአሥራ ስምንት ወንፊት ድምፅ አንድ ላይ ሲሆን ዝናብ የመጣ ይመስልሃል። ሽታውን ደግሞ ምን ልበልህ፣ ጸጉሬን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ እንኳ አጠገቤ የቆመችው ሴት «ሰሊጥ ሰሊጥ የሚለው ምንድን ነው?» ትላለች።

ሥራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ከቀረህ በሩ ላይ ቆመው ከሚጠብቁት አንዷ ትገባና ቦታህ የእሷ ይሆናል፣ አለቀ። ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። እኔ ከመግባቴ በፊት አንዲት ሴት ሥራ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ የመጋዘኑ ባለቤት በጣም ደንግጦ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ለተቆጣጣሪያችን ለካቦው «ሥራ ላይ የታመመ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ ቦታውም ይጠበቅለት» ብሎ አዘዘ። እንግዲህ ተመልከት፤ እቤትህ መታመም ክልክል ነው፣ መጋዘን ውስጥ መታመም ግን ይቻላል። ማረፍ የፈለገች ሴት የግድ እዚያው ካቦው ፊት መታመም አለባት።

መጀመሪያ ላይ ሥርዓት አልነበረውም። ሰኞ አራት ሴት ሆዷን ትይዛለች፣ ማክሰኞ አምስት ወገቧን ትይዛለች። ካቦው ደግሞ ግዙፍ፣ ዝምተኛ የአርማጭሆ ሰው ነው፤ ሞኝ አይደለም። መጠራጠር ጀመረ። ይህን ያስተካከለችው ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው ሴት ነበረች። ስድሳን ያለፈች፣ እዚሁ ጎንደር ከድሮ የነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች ሙስሊም ናት። አባቷ ትልቅ ሱቅ ነበራቸው ይባላል፤ እሷ ግን ስለዚያ አንስታ አታውቅም። ያን ሁሉ አቧራ ስንቅም ውለን ነጭ ሻሿ እንደ ጠዋቱ ነው የምትወጣው፣ እንዴት እንደምታደርገው እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሷ ናት አንድ ቀን ምሳ ላይ «ወላሂ ታሳፍራላችሁ! ገበያ ይመስል እየተጋፋችሁ ትታመማላችሁ? ዕቁብ እናድርገው» ያለችን።

በዚያው የሕመም ዕቁብ ተቋቋመ። እሷ ዳኛ ሆነች። ስማችን በትንንሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ባዶ የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሁለት እጣ ይወጣል፤ አንዷ ማክሰኞ ትታመማለች፣ አንዷ ሐሙስ። በሽታውንም የምትመድበው ዳኛዋ ናት። «አንቺ ማክሰኞ ሆድ። አንቺ ሐሙስ ራስ ምታት። ወገብ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል፣ ማንም እንዳይነካው» ትላለች፣ ፊቷ ላይ አንዲት ፈገግታ ሳይታይ። ሌላው ሕግ ደግሞ ይሄ ነው፦ የታመመችዋን ድርሻ የቀረነው እንሸፍናለን። ማታ ካቦው ሲቆጥር አንድ ኩንታል ጎድሎበት አያውቅም። አዎ፣ እናጭበረብር ነበር፣ አልክድም። ግን አንዳችን በሌላችን ጫንቃ አልተኛንም። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ይነፋል።

እኔ «አንቱ» ልላት ስሞክር ትቆጣኝ ነበር። «ዕቁብተኛ እኩል ነው፣ አንቺ በይኝ» ትለኛለች። ስለዚህ «እትዬ» እያልኩ አንቺ እላት ነበር። የእሷም ስም ቆርቆሮው ውስጥ አለ፤ ሲወጣላት ግን ጡት ለምታጠባ ወይ ለደከማት ትሰጠዋለች። «እኔ እቤት ሄጄ ማንን ላይ ነው?» ትላለች። አንድም ቀን ታማ አታውቅም።

እኔ በበኩሌ ለመታመም አልተፈጠርኩም፤ ማቃሰት ስጀምር ሳቄ ይመጣል። ጎበዟ ከዛሪማ የመጣችው ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷ ሆዷን ይዛ «ውይ እናቴ!» ስትል የምናውቀው እኛ እንኳ ውሃ ይዘን እንሮጣለን።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በግሌ ተመዝግቤ ነበር። መጀመሪያ ስፈተን ነጥብ አልመጣልኝም፤ አባቴ የሞተበት ዓመት ነበር። አሁን ያጠናሁት ከሥራ ስመለስ ነው፣ ጥቁር ሰሌዳዬ የቤታችን ግድግዳ፣ ጠመኔዬ ከሰል። ፈተናው ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ቀን ነው። ካቦውን ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ግን ባለፈው ዓመት ለፈተና ፈቃድ የጠየቀችውን ልጅ «መልካም ፈተና፣ ቦታሽን ግን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎ እንዳሰናበታት ነገሩኝ። እቤት እናቴና ሦስት ታናናሾቼ የሚበሉት ከእኔ እጅ ነው። ፈተናው ቢቀር ዕድሜዬን ሙሉ ወንፊት ስወዘውዝ እኖራለሁ፣ ሥራው ቢቀር ልጆቹ ጦም ያድራሉ። ጨንቆኝ ለዳኛዋ ነገርኳት።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ቆርቆሮውን ሳታናውጥ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ዛሬ እጣ የለም» አለች። «ይቺ ልጅ አራት ቀን ትፈልጋለች። የሁለት ሳምንት ሕመም ማለት ነው። ተራዋን የምትለቅላት ማን ናት?»

ተራ መልቀቅ ቀልድ አይደለም እኮ፤ አንዲት ሴት አንድ ቀን ለማረፍ ሁለት ወር ትጠብቃለች። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው የዛሪማዋ ናት። ሰባት ወሯ ነበር፣ እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም፣ ተራዋን ቀን እየቆጠረች ነበር የምትጠብቀው። «የእኔን ትውሰድ» አለች፣ ሰሊጥ ከጉንጯ እየጠረገች፣ «አደራ ግን፣ ወድቀሽ እንዳትመጪ!» ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ስድስት ሴቶች እጃቸውን አወጡ፤ ሁለቱን ዳኛዋ መለሰቻቸው። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ለቅሶሽን አቁሚና ለበሽታሽ አቆዪው» አለችኝ ዳኛዋ። «ሆድ የአንድ ቀን ነው። ወገብ ቢበዛ ሁለት። አራት ቀን ጨለማ ቤት የሚያስተኛ፣ ማንም የማይጠራጠረው... ምች ነው።»

ግንቦት ነበር፣ ፀሐዩ ይፋጃል። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆን ብዬ ውጭ ጆንያ ሳራግፍ ቆየሁ፣ ከአጥሩ ሥር ቀጥፌ ጉያዬ ውስጥ ከያዝኩት ዳማከሴ ፊቴን ቀባሁና ገብቼ ወደቅሁ። አወዳደቄ ጥሩ አልነበረም፤ የዛሪማዋ በኋላ «እንደ ጆንያ ነው የተቀመጥሽው» ብላ ስቃብኛለች። ካቦው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እየሮጠ መጥቶ ብድግ አደረገኝ። «ምነው ልጄ፣ ምነው! ምች ቀልድ አይደለም፤ እኔ ታናሽ ወንድሜን የነጠቀኝ እሱ ነው» አለ። ይሄ በእኛ ስሌት ውስጥ አልነበረም። ከበሽታ ሁሉ መርጠን ሰውየው የሚፈራውን አንዷን በሽታ ነበር የሰጠነው። ራሱ ባጃጅ ጠርቶ አዘዞ እቤቴ ድረስ አደረሰኝ። እናቴን «ፀሐይ እንዳታያት። እስክትድን ቦታዋ የእሷ ነው» ብሏት ሄደ። አፈርኩ። ግን ሰኞ ተነስቼ ወደ ፈተናዬ ሄድኩ።

ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞ አለፈ። ማክሰኞ ካቦው ከጓሮው የቆረጠውን ዳማከሴ በሰው ላከልኝ። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከፈተና ስመለስ የካቦውን ብስክሌት አጥራችን ላይ ተደግፎ አየሁት። በሽተኛ ሊጠይቅ መጥቷል! እንዴት ሳናስብ ቀረን? ጎረቤት ታሞ የማይጠይቅ ሰው ጎንደር ውስጥ የት አለ? እርሳሴንና የፈተና መታወቂያዬን እንደያዝኩ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ መስኮቱ ሥር ተለጠፍኩ። መስኮቱ ለምቹ ሲባል ተዘግቷል፤ በሳንቃው ስንጥቅ አየሁ።

ካቦው በሩ አጠገብ በእንጨቷ ዱካ ላይ ተቀምጧል፣ ጭኑ ላይ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። እናቴ «ፀሐይ ይዘው ነው የመጡት፣ እዚያው ራቅ ይበሉላት፤ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳት» ትለዋለች። አልጋዬ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ተኝቷል! ከራስ እስከ እግር ጋቢ ተከናንቦ፣ ቤቱ በዳማከሴ ታፍኖ። ታናሽ እህቴ ናት እንዳልል ይቺኛዋ ትረዝማለች። ኋላ ከጋቢው ጫፍ የወጣውን ተረከዝ አየሁ። ሂና የነካው ተረከዝ፤ ከመሃላችን ተረከዟን ሂና የምትቀባ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዳኛዋ ናት።

ለካ ከሥራ ሲወጡ ካቦው «ልጅቷን ጠይቄ ልግባ» ሲል ሰምታዋለች። እሱ ብርቱካን ገዝቶ በመንገዱ ዞሮ በብስክሌት ሲመጣ፣ እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ በእርሻው ውስጥ አቋርጣ ቀደመችው። በስድሳ ምናምን ዓመቷ!

«አይዞሽ ልጄ» አለ ካቦው ለጋቢው። «መጋዘኑ ያላንቺ ቀዝቅዟል።» ፌስታሉን ጨበጥ አደረገ። ሊነሳ ነው ብዬ ስጠብቅ መልሶ ጀመረ። «አንድ ነገር ጨንቆኛል። ባለቤቱ አሮጊቷን አሰናብታት ብሎኛል። ዓይኗ ደክሟል፣ ጠጠር እያሳለፈች ነው አለኝ። ቅዳሜ የመጨረሻዋ ናት። ያንን ቦታ ከነጠቅናት ምን ይቀራታል? አንቺ እንደ ልጇ ነሽ። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ጋቢው አልተነቃነቀም።

እሷን ብታውቃት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባህ ነበር። በዚያ መጋዘን ውስጥ የመጨረሻውን ቃል ሁልጊዜ የምትናገረው እሷ ነበረች። ጋቢውን ገልጣ «ይኸው እኔው ነኝ፣ ለእኔው ንገረኝ!» ብትለው፣ ብትለምነው፣ ብትከራከረው ምናልባት ይሰማት ነበር። ግን ያን ጊዜ የእኔ ፈተናም ቦታም አብሮ ይሄዳል። ስለ ራሷ መባረር እየሰማች እንደ በሽተኛ ተኛች። ሳል አመል ሆኖባት ነበር፤ አንዲት ጊዜ እንኳ አላሳለችም።

ብርቱካኑን አስቀምጦ ሄደ። ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯ ላይ የተጣበቀውን የዳማከሴ ቅጠል ትለቅማለች።

«ነገ ምንድን ነው ፈተናው?» አለችኝ።

«ሒሳብ። እትዬ፣ እኔ እኮ ውጭ ሆኜ ሰማሁ...»

«እኔ ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም» አለች፣ ሻሿን እያሰረች። «የታመመ ሰው ምን ይሰማል? በይ መብራት ሳይጠፋ አጥኚ።»

ሐሙስ ሒሳብ ስፈተን ጭንቅላቴ እንደዚያ ቀን ሠርቶልኝ አያውቅም። ንዴት ነው የሠራው። ዓርብ «ምቹ ለቀቀኝ» ብዬ ተመለስኩ። ዳኛዋ ከጆንያው ጀርባ ስትሰግድ ጠብቄ ለሴቶቹ ነገሩን ሁሉ አወጣሁላቸው። የዛሪማዋ ወንፊቷን አስቀመጠች። «ነገ ማኪናዎቹ የሚጫኑት ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ማኪና በር ላይ ቆሟል። ባለቤቱ ራሱ መጥቷል፤ ጭነቱ ከሰዓት በኋላ መንቀሳቀስ አለበት። አራት ሰዓት ላይ የዛሪማዋ «ውይ እናቴ!» ብላ ወደቀች። ከዚያ አጠገቧ ያለችው። ከዚያ እኔ፤ በዚህኛው ቀን አወዳደቄ አሪፍ ነበር። ከዚያ ተራ በተራ፣ እስከ በሩ ድረስ። አሥራ ሰባት ሴቶች መሬት ላይ፣ ቤቱ በሙሉ ዳማከሴ ዳማከሴ! ወንፊቶቹ ሁሉ ዝም አሉ፤ የአንዱ ብቻ ድምፅ ቀረ። ዳኛዋ ወንፊቷን እንደያዘች ዓይኗን አፍጥጣ ታየናለች። አጎንብሳ በሹክሹክታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ምን ሆናችሁ ነው? እጣ ሳይወጣ!»

ባለቤቱ ይጮሃል። ካቦው መሃላችን ቆሞ አንድ በአንድ አየን። እኔን አየኝ። ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ተረከዟን ረዘም አድርጎ አየ። በልቡ ምን እንዳለ አላውቅም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ባለቤቱ ዞረና በዚያ ዝግ ባለ አነጋገሩ «ጌታዬ፣ መጋዘኑን ምች መታው። የምትሠራው አሮጊቷ ብቻ ናት። እሷን አሁን ላሰናብታት ወይስ ጭነቱ ካለቀ በኋላ?» አለው።

ባለቤቱ ማኪናዎቹን አየ፣ እኛን አየ። የዛሪማዋ ዓይኗን ሳትገልጥ «እትዬ ሰኞም የምትመጣ ከሆነ፣ እኛ ዛሬውኑ ሳይሻለን አይቀርም» አለች። ሰውየው ቀልቡ ተገፈፈ። «ትምጣ! ትምጣ አልኩ!» ብሎ ወጣ። በአንድ ጊዜ ስንድን ብታይ! ካቦው ጠጠር ለቀማውን አስትቷት የጆንያ አፍ መስፋት ሰጣት፤ እሱን በዳሰሳ ትሠራዋለች። ማኪናዎቹን በሰዓቱ ጫንናቸው፤ አንድ ኩንታል አልጎደለም። ብዙ ነገር ሠርቻለሁ እኔ፤ ዲግሪም ይዣለሁ፣ ይህን ቢሮም ይዣለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

ውጤት የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ዳኛዋ ቤት በረርኩ፤ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀርታ ነበር። ካቦው ቦታዋን ለማንም አልሰጠም። ያ ሳል ከአቧራው ጋር ተደምሮ ጥሏታል። በሩ ክፍት ነው፣ ክፍሉ ጨለም ብሏል፣ እሷ ከራስ እስከ እግር ጋቢ ተከናንባለች። ተረከዟ ወጥቷል፤ ሂናው ለቋል። በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ መጣልኝ። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው።»

«ሒሳቡስ?» አለ ድምፅዋ ከጋቢው ሥር።

«ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።» ሳሏ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። «በይ አሁን ልተኛ። ይሄኛውን ያለ እጣ ነው የወሰድኩት፤ ለዕቁቡ ልጆች እንዳትነግሪብኝ።»

አልሄድኩም። ካቦው እኛ ቤት እንደተቀመጠው ጋቢውን እያየሁ ተቀመጥኩ። አሁን ይገለጥና ሌላ ሴት ስቃ ትወጣለች፣ ዳኛዋ ራሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ እያለከለከች በበሩ ትገባለች ብዬ ጠበቅሁ። እስኪመሽ ጠበቅሁ፤ በበሩ የገባ የለም።